መርፌው ከመገፋቱ በፊት፦ የአደጋ ተጎጂን ለሰመመን ማዘጋጀት

በገላንና በኮዬ ፈጬ የግንባታ ቦታዎች፣ በአቃቂ ፋብሪካዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ባለው መንገድ ላይ የተጎዳ ሰው እኛ ዘንድ በአምቡላንስ ከደረሰ ዕድለኛ ነው። ብዙዎቹ በባጃጅ፣ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው፣ አንዳንዴም አሸዋ አራግፎ በሚመለስ ገልባጭ መኪና ጋቢና ውስጥ ተደግፈው ይመጣሉ። አንገታቸውን የያዘላቸው የለም፤ ግፊታቸውን የለካ የለም፤ ውሃ ያጠጣቸው ግን አይጠፋም።

ይህን የምጽፈው በከተማዋ ዳር ባሉ ሆስፒታሎች ሌሊት ብቻቸውን ተረኛ ለሚሆኑ የሰመመን ባለሙያዎች ነው። ሆስፒታላችሁ የራሱ መመሪያ ካለው እርሱ ይቅደም። የጠቀስኳቸው መጠኖች በሙሉ ለአዋቂ ናቸው፤ ሕፃናት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የአደጋ ተጎጂ ሰመመን የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በቀዶ ጥገናው መካከል ሳይሆን ማደንዘዣው ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የእነዚያ ደቂቃዎች ዕጣ ደግሞ የሚወሰነው አስቀድሞ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም፤ ሱሪው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ስሙን ተናገረ፤ የታላቅ ወንድሙን ስልክ ቁጥር ሳይሳሳት ነገረን። ግፊቱ 110 በ80፣ የልብ ምቱ 132 ነበር። እየደጋገመ የሚለው ግን «ወንድሜ፣ በእመቤታችን፣ ትንሽ ውሃ» ነበር። እኔ ያየሁት 110ን ብቻ ነው። ፕሮፖፎል የተባለውን የማስተኛ መድኃኒት ለጤነኛ ሰው በሚሰጠው ሙሉ መጠን ሰጠሁት። ግፊቱ 50 ገባ፤ ከዚያም መለኪያው ቁጥር ማሳየቱን ተወ። በአድሬናሊን፣ በደምና በቀዶ ሐኪሙ ፍጥነት ተመለሰ። ሆዱ ሲከፈት ጣፊያው ተሰንጥቆ ሁለት ሊትር ያህል ደም ተጠራቅሞ ነበር። ልጁ በእግሩ ሄዶ ከሆስፒታል ወጣ። ቁጥሩ የደበቀኝን ጥማቱ ነግሮኝ እንደነበረ የገባኝ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ስልኩ ሲደወል

ድንገተኛ ክፍሉ «አደጋ መጥቷል» ሲል በእጃችሁ ያለው ጊዜ ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው። እኔ መጀመሪያ የምነካው መምጠጫውን ነው። ክፈቱት፣ የቱቦውን ጫፍ በመዳፋችሁ ድፈኑት፣ መሳቡን አረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያልፉት ሰከንዶች በአፍ ውስጥ ደምና ትውከት ላለበት ሰው ረጅም ናቸው። ስለዚህ የእግር መምጠጫ ካለ ይቅረብ፤ ከሌለ 50 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከለስላሳ ቱቦ ጋር ገጥማችሁ አስቀምጡ።

የኦክስጅን ሲሊንደሩን ግፊት አንብቡ። ትርፍ ሲሊንደር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ «አለ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት) ከማሽኑ ጎን ይሰቀል። ሁለት ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮ ማያ መሣሪያ) ይዘጋጅ፣ የሁለቱም መብራት በርቶ ይታይ። 7 እና 7.5 ቁጥር የመተንፈሻ ቱቦ፣ ቡዥ (ቱቦውን የሚመራ ቀጭን ዘንግ)፣ የላሪንክስ ማስክ (ከማንቁርት በላይ የሚቀመጥ ማስተንፈሻ) አዘጋጁ። በሌላ ትሪ ላይ ደግሞ 10 ቁጥር የቀዶ ጥገና ምላጭና 6 ቁጥር ቱቦ ይቀመጡ፤ አንገት ከፊት ተከፍቶ የሚገባ አየር ቢያስፈልግ በዚያች ሰዓት ቁም ሣጥን መፈተሽ አይቻልም።

መድኃኒቶቹን ቀድታችሁ በእያንዳንዱ ስሪንጅ ላይ ስሙንና መጠኑን በፕላስተር ጻፉ። ከሁሉ በፊት አድሬናሊኑን አቅጥኑ፦ 1 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ግፊት ሲወድቅ ከዚያ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር መስጠት ደም እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል። ከረጢቱ ላይ በትልቁ ጻፉበት፤ በሳላይንነቱ ተሰቅሎ ከተንቆረቆረ ሌላ አደጋ ነው።

የሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) ከረጢቶችን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ውሃው በቴርሞሜትር ሲለካ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ መስኮት ይዘጋ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ራቁቱን የተኛ ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ ያየ ያውቀዋል።

በር ላይ፦ መጀመሪያ የሚፈሰው ደም

የመተንፈሻ መንገድ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር የሚለውን ቅደም ተከተል ሁላችንም እንደ ጸሎት እንደግመዋለን። ሥርዓቱ የመጣው እንደ እኛው ካለ ራቅ ያለ ትንሽ ሆስፒታል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ የሚያበረው ትንሽ አውሮፕላን ኔብራስካ ውስጥ ተከሰከሰ። ባለቤቱ ሞተች፤ ልጆቹ ተጎዱ። በአካባቢው ሆስፒታል ያገኙት ሕክምና ሥርዓት ያልነበረው መሆኑን በማየቱ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ቅደም ተከተል የሚያስተምር ሥልጠና አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው ሥልጠናም በ1978 ተሰጠ።

ዛሬ ከዚያ ቅደም ተከተል በፊት አንድ ነገር ገብቷል፤ እርሱም በዓይን የሚታይ ብርቱ መድማት ነው። ከእግር ወይም ከእጅ የሚፈነዳ ደም ካለ መጀመሪያ ተጫኑት። ካልቆመ ከቁስሉ በላይ በደም ማቆሚያ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩና ሰዓቱን በፕላስተር ጽፋችሁ ደረቱ ላይ ለጥፉ። ቀዶ ሐኪሙ ሳይደርስ «እስቲ ቆሞ እንደሆነ ልይ» ብላችሁ አትፍቱት።

የመተንፈሻ መንገድ

አጠር ያለ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ስምህ ማን ነው? ምን ሆንክ?» በጠራ ድምፅና በሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመለሰ ለጊዜው መንገዱ ክፍት ነው፣ ይተነፍሳል፣ አእምሮውም ደም እየደረሰው ነው። ማንኮራፋት፣ የመንቦቅቦቅ ድምፅ፣ ትንፋሽ ሲስብ የሚሰማ ፉጨት ወይም የጎረነነ ድምፅ ግን መዘጋት መጀመሩን ይናገራል። በእሳት አደጋ የመጣ ሰው አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት፣ ፊቱ ላይ ቃጠሎ ካለና ድምፁ እየተለወጠ ከሄደ አትጠብቁ፤ አሁን በቀላሉ የሚገባው ቱቦ ከሁለት ሰዓት በኋላ በእብጠቱ ምክንያት ላይገባ ይችላል።

አንገቱ እስኪጣራ ድረስ እንደተሰበረ ቁጠሩት። አገጩን ወደ ላይ አትቀልብሱ፤ መንገጭላውን ብቻ ከጆሮው ሥር ወደ ፊት ግፉ። መደገፊያ ከሌለ የአንድ ሰው ሁለት እጆች ጭንቅላቱን ከሁለት ወገን ይዘው ይቆዩ። ያ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠው።

ደረት

ልብሱን ከፍታችሁ ሁለቱ ወገኖች እኩል መነሳታቸውን እዩ፣ ዳስሱ፣ አዳምጡ። ቆዳው ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ከሳንባ የወጣ አየር አለ ማለት ነው። ይህ የሰመመን ባለሙያ በተለይ ሊፈራው የሚገባ ምልክት ነው። ምክንያቱም ራሱ እየተነፈሰ ችሎ የቆየውን ትንሽ የደረት አየር እኛ በግፊት ስናስተነፍሰው በደቂቃዎች ውስጥ ልብን የሚያፍን እናደርገዋለን። ስለዚህ የጎድን ስብራትና ከቆዳ ሥር አየር ያለበት ሰው የሚቻል ከሆነ የደረት ቱቦው ከሰመመኑ በፊት ይግባለት። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን የማደንዘዣ ጋዝ ደግሞ እርሱት፤ የታፈነ አየርን ያሳብጣል።

በአንድ ወገን ድምፅ የለም፣ ትንፋሹ ተጨንቋል፣ ግፊቱ እየወረደ ነው ከተባለ ራጅ አታዝዙ። በአራተኛውና በአምስተኛው የጎድን ክፍተት አካባቢ፣ ከብብቱ መሐል መስመር ትንሽ ወደ ፊት፣ ረጅም ብርቱካናማ ካኑላ (በመርፌ የሚገባ ቱቦ፤ ቀለሙ ውፍረቱን ያሳያል) አስገቡና አየሩን ልቀቁ፤ የደረት ቱቦው ወዲያው ይከተል። የአንገት ደም ሥር መወጠር የመጽሐፍ ምልክት ነው፤ ደሙ ያለቀ ሰው ዘንድ ላይታይ ይችላል።

ስለ ኦክስጅን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሱሉልታና እንጦጦ ከዚያም ይበልጣሉ። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የጤነኛው ሰው የኦክስጅን መጠን ንባብም ከሌላ አገር መጽሐፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። በተጎጂው ላይ ሲመጣ ነገሩ ይህ ነው፦ ትንፋሹ ሲቆም ያለው ስንቅ አጭር ነው። ማንኛውም የአደጋ ተጎጂ ከበር ጀምሮ በማስክ ኦክስጅን ይሰጠው።

የደም ዝውውር፦ ግፊቱን አትመኑ

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ 4.2 ሊትር ደም አለው። ወጣት ከሆነ የዚህን 30 በመቶ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር በላይ አጥቶ እንኳን የላይኛው ግፊቱ እምብዛም ላይወርድ ይችላል። ደም ሥሮቹ ተጨብጠው ይይዙታል። ማደንዘዣችን የሚያደርገው ያንን ጭብጥ መፍታት ነው።

ስለዚህ የሚታየው ሌላ ነው። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት አካፍሉ፤ 0.9 ካለፈ ተጠንቀቁ። የዚያ ልጅ 132 ለ110 ሲካፈል 1.2 ነበር። በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ የእርሱ 30 ብቻ ነበር፣ ጠቧል። የጣት ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት፣ እጁ ከቀዘቀዘና ላብ ካጠመቀው፣ ከተቁነጠነጠ፣ ውሃ ከለመነ ደም እያነሰው ነው። የሚጮኸው ተጎጂ እንዳያታልላችሁ፤ ዝም እያለ የሚሄደው ነው የሚያሰጋው።

የልብ ምትም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ለግፊት የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ አባት ደም እየፈሰሳቸው 80 ላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ተጨማሪ ደም ስላላት ምልክቱን ዘግይታ ነው የምታሳየው። እንጦጦ ሲሮጥ የኖረ፣ በዕረፍት ጊዜ ልቡ 45 የሚመታ አትሌት 95 ላይ ከደረሰ ለእርሱ ከእጥፍ በላይ ነው።

ሁለት ትልልቅ ካኑላ አስገቡ፤ ግራጫ ወይም ብርቱካናማ። ሮዙና ሰማያዊው መድኃኒት መስጫ ናቸው፤ ደም አያሮጡም። የሆድ ወይም የዳሌ ጉዳት ከተጠረጠረ በእጅ ላይ ይሁን እንጂ በእግር ላይ አይሁን። ካኑላው እንደገባ ደም ቀድታችሁ ለደም ዓይነትና ለማመሳሰያ ላኩ።

ደሙ የት እንዳለ ፈልጉ። ከሰውነት ውጭ ከፈሰሰው ሌላ ደም የሚደበቅባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌና ረጃጅም አጥንቶች። አንድ የተሰበረ የጭን አጥንት ብቻውን ከአንድ ሊትር በላይ ሊውጥ ይችላል። ዳሌው የተሰበረ ከመሰለ ደጋግማችሁ አትጫኑት፤ የረጋውን ደም ትቀሰቅሳላችሁ። የዳሌ ማሰሪያ ከሌለ የአልጋ አንሶላ ወይም የእናቱን ነጠላ አጥፋችሁ እሰሩ። ብዙ ሰው ወገብ ላይ ያስረዋል፤ ስሕተት ነው። ቦታው ዝቅ ብሎ ጭኑ ከዳሌው በሚገናኝበት፣ በጎን የሚዳሰሰው ጉብታ ላይ ነው። ሁለቱ ጉልበቶችም ወደ ውስጥ ተጠጋግተው ይታሰሩ።

ሪንገር ላክቴት ደም አይደለም። እስከ አንድ ሊትር ድረስ ለብ አድርጋችሁ ስጡ፤ ከዚያ በላይ መልቀቅ የረጋውን ማጠብ፣ ያለውንም ደም ማቅጠን ነው። ቀዶ ሐኪሙ ደሙን እስኪይዘው ድረስ የላይኛው ግፊት ከ80 እስከ 90 ቢሆን ይበቃል፤ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ካለ ግን ይህ አይሠራም፣ ወደዚያ እመጣለሁ። ከደም ባንክ የሚመጣውን ጠይቁ፤ የደም ዓይነት እስኪታወቅ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ኦ ኔጌቲቭ፣ ለወንድ ኦ ፖዘቲቭ ይሰጣል። ዘመዶቹ ደጅ ላይ በጭንቀት ሲንቆራጠጡ ደም እንዲለግሱ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ ላኩላቸው፤ መጠየቅ የሚጀመረው ደም ሲያልቅ መሆን የለበትም። ብዙ ደም ሲሰጥ በውስጡ ያለው ሲትሬት ካልሲየምን ያስራል፤ ከጥቂት ከረጢቶች በኋላ ካልሲየም ስጡ።

የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይገኛል። 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚያም 1 ግራም በ8 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ከ20,000 በላይ ተጎጂዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የሚጠቅመው ግን አደጋው ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ካለፈ በኋላ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ያመጡትን ሰዎች «አደጋው ስንት ሰዓት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የባጃጁ ሹፌር ሳይሄድ ያዙት፣ አንዳንዴ ሰዓቱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ጭንቅላት

የግላስጎው መለኪያውን (ከ3 እስከ 15 የሚሰጥ የንቃት ነጥብ) እና የዓይን ብሌኖቹን መጠን ከማደንዘዣው በፊት ለኩና ጻፉ። እኛ ካስተኛነው በኋላ ማንም ሊለካው አይችልም፤ የአእምሮ ቀዶ ሐኪሙ ከከተማው ማዶ ሆኖ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቱቦ ያስፈልገዋል። የደም ስኳር ይለካ። አረቄ ከሸተተውም «ሰክሮ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ሰካራምም ጭንቅላቱ ይደማል።

ለተጎዳ አንጎል የላይኛው ግፊት 110 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን ታገሉ። ከ90 በታች መውረድ የሞት ዕድልን በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ራስጌው 30 ዲግሪ ከፍ ይበል፤ የአንገት መደገፊያውም ሆነ የቱቦው ማሰሪያ የአንገቱን ደም ሥር አይጭመቅ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ከ35 እስከ 40 ይሁን። በድንጋጤ አምቡ ባጉን በፍጥነት መጭመቅ የአንጎልን ደም ሥር አጥብቦ ይጎዳል። ኬታሚን የተባለው የማስተኛ መድኃኒት ለጭንቅላት ጉዳት ክልክል ነው የሚለው አሮጌ ፍርሃት አሁን ተትቷል።

ልብሱ

ቅደዱት፣ አውልቁት፣ በአንድነት አዙራችሁ ጀርባውን እዩ፣ ወዲያው በጋቢ ሸፍኑት።

ዘመዶቹን መጠየቅ

«እናቴ፣ መጨረሻ የበላው መቼ ነው?» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ኧረ ምንም አልቀመሰም» ነው። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ አንዳንዱ በላ ካለ ኦፕራሲዮኑ እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው። ጾም ላይ ነበር፣ ጠበል ብቻ ነው የጠጣ የሚልም አለ፤ ጠበል ደግሞ በጆግ ነው የሚጠጣ። ሰው ሲጎዳ ጨጓራው ሥራውን ያቆማል፤ ምሳውን በልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የወደቀ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይም ያ ምሳ እዚያው ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከምሳው እስከ አደጋው የነበረው ጊዜ ነው፤ በአጭሩ ግን ሁሉንም ሆዱ እንደሞላ ቁጠሩት።

የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን፣ የቆየ ሕመሙን፣ ጫት ቅሞ እንደሆነ ጠይቁ። ለመውለድ በደረሰች ሴት ላይ እርግዝና ይመርመር። የሚፈርመውን ሰው ለይታችሁ፣ ከዘመዶቹ መካከል ረጋ ያለውን ሰው መርጣችሁ አስረዱት፤ ለአሥር ሰው በአንድ ጊዜ ማስረዳት ለማንም አለማስረዳት ነው።

መርፌው

አሁን ጊዜው ነው? ሆዱ ውስጥ እየደማ ያለ ሰው የሚተኛው ቀዶ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ሆዱ በመድኃኒት ተቀብቶ፣ አንሶላው ተዘርግቶ ሲጠብቅ ነው። ደም ሥሮቹ ሲፈቱ ምላጩ ወዲያው መግባት አለበት። «ዶክተር፣ ዝግጁ ነዎት?» ብላችሁ «አዎን» የሚለውን ሳትሰሙ ስሪንጁን አትንኩ።

አራት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ቱቦ ያስገባል፣ አንዱ አንገት ይይዛል፣ አንዱ መድኃኒት ይሰጣል፣ አንዱ መምጠጫውንና ቡዡን ያቀብላል። ማን ምን እንደሚሠራና ቱቦው ካልገባ ምን እንደሚደረግ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ። እፍረት ይሰማችሁ ይሆናል፤ ተናገሩ።

በጥብቅ በተገጠመ ማስክ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ኦክስጅን ስጡ። ሰዓት ተመልከቱ፤ በጭንቀት ጊዜ አርባ ሰከንድ ሦስት ደቂቃ ትመስላለች። አንገቱ ከሁለት ወገን ከተያዘ በኋላ የመደገፊያው የፊት ክፍል ይውለቅ፣ አለበለዚያ አፉ በደንብ አይከፈትም።

ኬታሚን ግፊቱ ለተረጋጋ ሰው በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። ለሚደማ ሰው ከ0.5 እስከ 1፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለሞት የቀረበ ሰው ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ኬታሚን ግፊት ይጨምራል ብላችሁ ሙሉውን አትልቀቁ፤ ሰውነቱ የራሱን አድሬናሊን ከጨረሰ ኬታሚንም ልቡን ያደክመዋል። ፕሮፖፎልና ቲዮፔንታል ለሚደማ ሰው በጣም ተቀንሰው ካልሆነ አይሰጡም።

የማደንዘዣው መጠን ሲቀንስ ቱቦ ለማስገባት የሚሰጠው የጡንቻ ማዝለፍለፊያ አይቀንስም፤ እንዲያውም ደሙ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሙሉውን ይፈልጋል። ሳክሲኒልኮሊን በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ግራም፣ ለዚሁ ሰው ከ90 እስከ 120። ሮኩሮኒየም ካላችሁ በኪሎ 1.2። ለመሥራት ከወትሮው ሊዘገይ ስለሚችል ሳትቸኩሉ ጠብቁ። ሳክሲኒልኮሊን በመጀመሪያው ቀን ችግር የለውም፤ ከቃጠሎ ወይም ከሥጋ መጨፍለቅ በኋላ ቀናት ላለፉት ሰው ግን የደሙን ፖታሲየም አንሮ ልብ ያቆማልና አትስጡ።

ቡዡን ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ ተጠቀሙ፤ የተያዘ አንገት ላይ የድምፅ አውታሮችን ሙሉ በሙሉ ማየት ብርቅ ነው። ቱቦው መግባቱን ካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ) ይመስክር። ከሌለ ሆዱንና ሁለቱን ደረት አዳምጡ፤ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ጉም ማስረጃ አይደለም። ከተጠራጠራችሁ አውጡት። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልገባ በማስክ አስተንፍሱ፣ የላሪንክስ ማስክ አስገቡ። እርሱም እምቢ ካለና ኦክስጅኑ እየወረደ ከሆነ ወደ ምላጩ ትሪ ሂዱ፦ ከማንቁርቱ እብጠት በታች ያለውን ስስ ቦታ ክፈቱ፣ ቡዡን አስገቡ፣ 6 ቁጥሩን ቱቦ በላዩ አንሸራትቱ።

«እግሩ ብቻ ነው የተሰበረው፣ የጀርባ ማደንዘዣ እንስጠው» የሚል ፈተና ይመጣል። ደም ላጣ ሰው የጀርባ ማደንዘዣ ከወገብ በታች ያሉትን ደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ እኔ በፕሮፖፎል የሠራሁትን ስሕተት በሌላ በር ያመጣዋል። ለጭን አጥንት ሕመም የጭን ነርቭ ማደንዘዣ ብትሰጡት ግን እንደ ወንድም ይመርቃችኋል።

ከቱቦው በኋላ

በትንሽ መጠንና በዝግታ አስተንፍሱ፤ በኪሎ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የደረት ውስጥ ግፊት ሲበዛ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል። ጋዙን፣ በተለይ ሃሎቴንን፣ ግፊቱ በሚችለው ልክ ብቻ ክፈቱ፤ ደሙ ሲተካና ግፊቱ ሲነሳ ግን ወዲያው ጨምሩ፣ የሚሰማና የማይንቀሳቀስ በሽተኛ እንዳይኖራችሁ።

ግፊቱ በድንገት ቢወድቅ መድኃኒቱን ብቻ አትክሰሱ። ደም? የደረት አየር? የተንሸራተተ ቱቦ? ዙሪያው ደም ሞልቶ የታፈነ ልብ? በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። ሰውነቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደና ቁስሉ ከየቦታው የሚያንጠባጥብ ደም ካሳየ ለቀዶ ሐኪሙ በግልጽ ንገሩ፦ «ዶክተር፣ ቀዝቅዟል፣ ደሙም አልረጋም አለ፤ የሚደማውን ብቻ ይዘን እንውጣ።» ብርድ፣ የደም አሲድነትና የደም አለመርጋት አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ ረጅም ኦፕራሲዮን ያንን ሰው አይጠቅመውም። ሽንቱ በኪሎ በሰዓት 0.5 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ኩላሊቱ ደም እያገኘ ነው።

ማሻገር

ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አቤት ሆስፒታል የሚላክ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉና የተቀበላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ኦክስጅኑን አስሉ፦ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 60 ባር ካነበበ 600 ሊትር አለው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ሲሄድ አንድ ሰዓት ብቻ። ከአቃቂ ተነስቶ በቃሊቲ በኩል በሥራ መውጫ ሰዓት መሐል ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ሊበቃም ላይበቃም ይችላል። የምታስቡትን ጊዜ እጥፍ ያዙ። አምቡ ባጉና መምጠጫው ከናንተ ጋር ይውጡ፤ የደረት ቱቦው አይቆለፍ፤ የመተንፈሻ ቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደታሰረ ይታወቅ።

የማሸጋገሪያ ወረቀቱ በአንድ እጅ ዘመድ፣ በሌላ እጅ አጃቢ ነርስ ዘንድ ሲንከራተት መጥፋቱን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰፊ ነጭ ፕላስተር ደረቱ ላይ ለጥፋችሁ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ፦ የደም ማቆሚያ ማሰሪያው የታሰረበት ሰዓት፣ ትራኔክሳሚክ አሲዱ የተሰጠበት ሰዓት፣ ስንት ከረጢት ደም እንደወሰደ፣ ከመተኛቱ በፊት የነበረው የግላስጎው ቁጥር።